ከድሬዳዋ ዱባይ፦ ለበዓል ሰሞን ጉዞ ወንበር አይቶ ቲኬት ስለመግዛት

ለበዓል ከድሬዳዋ ዱባይ ደርሶ ለመመለስ ያሰበ ሰው፣ ወይም ከዚያ የሚመጣ ዘመዱን የሚጠብቅ ቤተሰብ፣ በእጁ የሚይዘው ቲኬት አንድ ቢሆንም ዋጋው የሚወሰነው በሁለት የተለያዩ ገበያዎች እንደሆነ አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቀማል። በአዲስ አበባና በዱባይ መካከል የኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ ኤምሬትስ እና ፍላይ ዱባይ ይወዳደራሉ። በድሬዳዋና በአዲስ አበባ መካከል ባለው መደበኛ በረራ ግን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተፎካካሪ የለውም። ስለዚህ የዱባዩ መስመር በፉክክር ቢረክስም፣ ወደ ድሬዳዋ የሚያደርሰው ወንበር ካለቀ ርካሹ ቲኬት ቦሌ ላይ ያስቀራል።

ብዙ ሰው ውድድርን የሚለካው በኩባንያ ብዛት ነው፤ በእኔ እምነት ግን ቀድሞ መቆጠር ያለበት ወንበር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ወደ 150 ገደማ ወንበር ሲኖረው፣ ቦይንግ 787-8 ደግሞ ወደ 270 ይጠጋል። አንድ ዕለታዊ በረራ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ቢቀየር፣ አዲስ ኩባንያ ሳይገባና ማስታወቂያ ሳይነገር በቀን ከመቶ በላይ ወንበር ይጨመራል ማለት ነው። በአገር ውስጡ መስመርም እንዲሁ ነው፤ ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ከ70 እስከ 80 ሰው የሚይዝ በመሆኑ በ737 ሲተካ ወንበሩ በእጥፍ ያድጋል። የአውሮፕላኑ ዓይነት በረራ በሚፈለግበት ገጽ ላይ ከበረራ ቁጥሩ አጠገብ ወይም በዝርዝሩ ውስጥ ስለሚጻፍ፣ ከዋጋው በፊት እሱን ይመልከቱ።

አየር መንገዶች የበረራ መርሐ ግብራቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በማርች እና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ይቀይራሉ። ቁልቢ፣ ገናና ጥምቀት የሚውሉት በጥቅምት አጋማሽ በሚጀምረው የክረምት መርሐ ግብር ውስጥ ነው (ክረምቱ የአውሮፓ እንጂ የእኛ አይደለም)። ስለዚህ በመስከረም ቁጭ ብለው የኅዳር አንድ ሳምንትን ከታኅሣሥ መጨረሻ ሳምንት ጋር ያነጻጽሩ፤ በቀን ስንት በረራ አለ፣ በየትኛው አውሮፕላን? በታኅሣሥ ምንም ጭማሪ ካልታየ ዋጋው እንዲወርድ መጠበቅ አያዋጣም። በዓሉ ሲቃረብ ተጨማሪ በረራ ሊመደብ ይችላል፤ ነገር ግን ያልተመደበ በረራ ተስፋ አድርጎ የቤተሰብ ጉዞ ማቀድ አይመከርም። ወንበር ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ የሚቀንስበት ጊዜም አለ፤ በ2014 ዓ.ም. ከግንቦት 1 እስከ ሰኔ 15 የዱባይ አውሮፕላን ማረፊያ አንደኛው መንደርደሪያ ለጥገና በተዘጋ ጊዜ በረራዎች ተቀንሰዋል፣ ከፊሎቹም ወደ ከተማዋ ሁለተኛ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ወደ አል መክቱም፣ ተዛውረዋል።

ለድሬዳዋ ሰው ከሁሉ የከበደው ቀን ታኅሣሥ 19 ነው። የቁልቢ ገብርኤል ምእመናን ከአዲስ አበባ የሚመጡት በዚሁ የአገር ውስጥ መስመር በመሆኑ፣ ከንግሡ በፊት ባሉት ቀናት ወደ ድሬዳዋ፣ ከንግሡ ማግስት ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ወንበር ይጠፋል። የሰው ጎርፍ ወደ አንድ አቅጣጫ በሚሄድበት ቀን አውሮፕላኑ በተቃራኒው አቅጣጫ ቀለል ብሎ ስለሚበር፣ ከንግሡ በፊት ከድሬዳዋ መውጣት ከመግባት ይቀላል። ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲመልሱም ይጠንቀቁ። ታኅሣሥ 19 አብዛኛውን ጊዜ ዲሴምበር 28 ሲሆን፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግስት ባለው ዓመት ግን ዲሴምበር 29 ይሆናል፤ ለምሳሌ በ2020 ዓ.ም. የሚውለው በ29 ነው። የሐረር የሹዋሊድ በዓል ደግሞ ከዒድ አልፈጥር ጋር አብሮ ስለሚዞር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ይውላል።

በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር አካባቢ ካሉት ቲኬት ቢሮዎች ወደ አንዱ ሲገቡ «ዋጋው ስንት ነው?» ብለው ብቻ አይጠይቁ፤ «በየክላሱ ስንት ወንበር ቀርቷል?» ይበሉ። ክላስ ማለት እዚህ ላይ የአንድ በረራ ወንበር የሚሸጥበት የዋጋ ደረጃ ነው። ሠራተኛዋ ስክሪኑ ላይ የምታየው የፊደሎችና የቁጥሮች ሰልፍ ነው፦ ዋይ 9፣ ኤም 9፣ ኬ 3፣ ኤል 0። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ዋጋ አለው፤ 9 ማለት ዘጠኝ ወይም ከዚያ በላይ፣ 0 ማለት ያ ዋጋ አልቋል ማለት ነው። በዚህ ምሳሌ አምስት ሆነው በአንድ ጊዜ ከጠየቁ፣ ኬ ላይ ሦስት ወንበር ብቻ ስላለ ሲስተሙ አምስታችሁንም በውዱ ክላስ ያስከፍላል። ሦስቱን በኬ፣ ሁለቱን በሚቀጥለው ክላስ ለይተው ቢገዙ ልዩነቱ የአንድ ሰው የሆቴል ወጪ ሊሸፍን ይችላል። ልጆችን ግን ከወላጅ ቲኬት አይነጥሏቸው።

ዓለም አቀፍ ዋጋ በዶላር ተሰልቶ ወደ ብር የሚመለስ በመሆኑ፣ በተለይ የምንዛሪ ገበያው ከተለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የተለያዩ ቀናትን ዋጋ በዶላር ያነጻጽሩ፤ አለዚያ የምንዛሪውን ለውጥ የአየር መንገዱ ጭማሪ አድርገው ያዩታል።

ከድሬዳዋ እስከ ዱባይ በአንድ ቲኬት ልሂድ ወይስ ከአዲስ አበባ በሌላ አየር መንገድ? በአንድ ቲኬት ሲሆን ሻንጣው በቀጥታ ይተላለፋል፣ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥም በቀጣዩ የማሳፈር ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው። በሁለት ቲኬት ሲሆን ኪሳራው የእርስዎ ነው። የሁለቱ ልዩነት በአዲስ አበባ አንድ ሌሊት አድሮ መቀጠልን የማይሸፍን ከሆነ አንዱን ቲኬት ይምረጡ። የፍላይ ዱባይ ዝቅተኛው ዋጋ የእጅ ሻንጣ ብቻ የሚፈቅድ ስለሆነ፣ ዕቃ ጭኖ ለሚመለስ ሰው የሻንጣውን ክፍያ ሳይደምሩ ማነጻጸር ያሳስታል። ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከገባ የአገር ውስጡ በረራ ዋጋ የሚቀነስለት አሠራር ስላለ፣ ይህንንም አስቀድሞ ይጠይቅ።

ቲኬቱ ሲቆረጥ የራስዎ ስልክ ቁጥር መመዝገቡን ያረጋግጡ። ወኪሎች ብዙ ጊዜ የቢሮአቸውን ቁጥር ስለሚያስገቡ፣ አውሮፕላን ሲቀየር ወይም ሰዓት ሲገፋ መልእክቱ ለእነሱ ይደርስና ተጓዡ በአሮጌው ሰዓት ይመጣል። አየር መንገዱ ራሱ በረራውን ከሰረዘ ያለ ቅጣት ሌላ ቀን ወይም ገንዘብ መመለስ ስለሚጠየቅ፣ የቀረበልዎትን የመጀመሪያ ምትክ ከመቀበልዎ በፊት በዚያው ሳምንት ወደ ድሬዳዋ የሚያስገባ ወንበር መኖሩን ያጣሩ።