የቀበሌ ቤታችሁን ክረምት ሳይገባ እንዴት ትፈትሻላችሁ?

ደብረ ማርቆስም ሆነ ሞጣ፣ መሃል ከተማ ካሉት የቀበሌ ቤቶች ብዙዎቹ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ተብለው የተወረሱ ናቸው። ያኔ እስከ 100 ብር ይከራዩ የነበሩት ለቀበሌ ተሰጡ። እንዲህ ያለ ቤት ከቆመ 50 ዓመት አልፎታል። የጭቃ ቤት በዚህ ዕድሜው ላዩ አምሮ ውስጡ የበሰበሰ ሊሆን ይችላል።

ፍተሻውን ግንቦት ላይ ጨርሱት። ሐምሌ ከገባ ጭቃ አይደርቅም።

ከቋሚው እግር ጀምሩ። ሰው ለበዓል ቀለም ይቀባል እንጂ ጎንበስ ብሎ እዚህ ጋ አያይም። ከመሬት ስንዝር ያህል ከፍ ብላችሁ ልስኑን ትንሽ ፈርፈር አድርጉና ቋሚውን በካቻቢቴ ውጉት። ጫፉ ብቻ ከገባ እንጨቱ ደህና ነው። ያለ ጉልበት ከሰመጠ ግን ወይ በስብሷል ወይ ምስጥ በልቶታል። ማዕዘኖቹንና ውሃ የሚደፋበትን ጎን አስቀድሙ። ግድግዳው ላይ እርሳስ የሚያክል የአፈር መስመር ሽቅብ ከወጣ የምስጥ መንገድ ነው። አንድ ቋሚ ቢበላሽ አናጢ ጣሪያውን ደግፎ ይቀይረዋል። የማዕዘኑ ቋሚና አጠገቡ ያለው ቋሚ አብረው ከተበላሹ ግን እዚያ ክፍል አትተኙ።

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የውሃ ነው። መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከቤቱ ወለል በላይ ይሆንና ጎርፉ ወደ ግድግዳው ይዞራል። ግድግዳው ስር የተከመረውን አፈር ዛቁት፣ ውሃው ከቤቱ የሚርቅበት ቦይም ቅደዱ።

ቀጥሎ ስንጥቅ። ፀጉር የምታክለዋ አታስጨንቅም። ከበር ወይም ከመስኮት ማዕዘን በሰያፍ የሚነሳውን ጫፉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ቀኑን ጻፉበት። ከወር በኋላ ምልክቱን አልፎ ከሄደ ቤቱ እየተንቀሳቀሰ ነው። እንደ ቢቸና ያለ ዋልካ አፈር በጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ያብጣል፤ ስለዚህ በሁለቱም ወቅት እዩት። በልስን መድፈን ስንጥቁን ይሸፍነዋል እንጂ አያቆመውም።

ለጣሪያው ቀን ላይ በርና መስኮት ዘግታችሁ ቀና በሉ። ብርሃን የሚያሾልክ ቀዳዳ ሁሉ ዝናብም ያሾልካል። ኮርኒስ ካለ ቡናማ እድፍ ፈልጉ።

መብራት ላይ ግን ቀልድ የለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፣ በ220 ቮልት 16 አምፔር መሆኑ ነው። ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ገመድ ላይ እንጀራ መጋገር ቤት ማቃጠል ነው። ለምጣዱ 4 ሚሊ ካሬ ገመድና የራሱ ብሬከር ይኑረው። ሶኬቱ ከጠቆረ ወይም የተቃጠለ ላስቲክ ከሸተተ ዋናውን አጥፉና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። ብሬከሩ እየወረደ አስቸገረ ብላችሁ በትልቅ አትቀይሩት፤ የሚወርደው ሥራው ስለሆነ ነው።

የጋራውን ሽንት ቤት አትርሱ። የወለሉ እንጨት ከረገበ ልጆች እንዳይገቡ ዝጉት።

ያያችሁትን ፎቶ አንሱና ቤቱን ለሚያስተዳድረው ቢሮ ማመልከቻ በሁለት ኮፒ አስገቡ። በቃል መናገር ዋጋ የለውም። መዝገብ ቤት አንዱን ተቀብሎ በእናንተው ኮፒ ላይ ቁጥርና ቀን ይጻፍ። ወጪውን ራሳችሁ ሸፍናችሁ ከኪራይ እንዲታሰብላችሁ ከፈለጋችሁ፣ አንድ ሚስማር ሳይመታ በፊት ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ። ሥራው ካለቀ በኋላ ደረሰኝ ታቅፎ ቢሮ ለቢሮ መዞር ትርፉ ድካም ነው።