ጌጡ ታየ፣ ዕቃው ጠፋ፦ የገና ባዛር ቡዝ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና ዋዜማ በአዲስ አበባ በሆቴል ግቢዎች፣ በትምህርት ቤት ሜዳዎችና በኤግዚቢሽን ማዕከል የሚዘረጉት ባዛሮች ለሸማኔ፣ ለስፌት ሠሪና ለሸክላ ሠሪ ከዓመቱ ትልልቅ ገበያዎች መካከል ናቸው። ይህ ጽሑፍ ስፋቱ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር በሚሆን ቡዝ ውስጥ የእጅ ሥራ ለሚሸጥ ሰው የተዘጋጀ ሲሆን፣ ችግሩ ከሚታይበት ምልክት ተነሥቶ ወደ መንስኤው፣ ከዚያም ወደ መፍትሔው ይሄዳል።

ጎብኚው ያደንቃል፤ የሚጠይቀው ግን የጌጡን ዋጋ ነው

ምልክቱ በመጀመሪያው ቀን ይታወቃል። ሰው ቆም ብሎ «ሲያምር!» ይላል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ቀጥሎም የሚያበራው ኮከብ ወይም የፕላስቲክ ዛፉ ስንት እንደሆነ ጠይቆ ይሄዳል። እኔም አንድ ዓመት ከመርካቶ በገዛሁት ዛፍ ቡዜን አድምቄ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ነጠላ ከመሸጥ ይልቅ ዛፉ የሚሸጥ እንዳልሆነ ሳስረዳ ውያለሁ።

መንስኤው ዓይን ከሁሉ አስቀድሞ ወደሚያበራውና ወደሚንቀሳቀሰው መሄዱ ነው። ብልጭ ድርግም የሚል መብራትና የሚያንጸባርቅ ወረቀት ባለበት ቦታ፣ ብዙ ቀን የተደከመበት የጥበብ ጥለት ምንም ያህል ቢያምር ሁለተኛ ሆኖ ይቀራል። ይህን ለማረጋገጥ ከቡዙ ስድስት ሜትር ያህል ርቆ በስልክ ፎቶ ማንሣትና ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ ይበቃል። ቀለሙ ሲጠፋ ደምቆ የቀረው ነገር የጎብኚው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍበት ነው፤ ያ ነገር የማይሸጥ ከሆነ ችግሩ ተገኝቷል ማለት ነው።

መፍትሔው ጌጡን ከዕቃው መሥራት ነው። መሶቦችን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደራርቦ ማቆም የዛፍ ቅርጽ ይሰጣል፤ በመሐሉ ኮከብ የተሰፋበት ሰፌድ ከኋላ ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ሲሰቀል የፕላስቲክ ኮከብ አያስፈልግም፤ ትንንሽ ሙዳዮች በሲባጎ ተያይዘው ሲንጠለጠሉ በመስተዋት ኳሶች ፋንታ ያገለግላሉ። በቡዙ መግቢያ ላይ ሁለት የገና መጫወቻ ዱላዎችን አመሳቅሎ ሩሯን በመሐል ማንጠልጠልም ይቻላል፤ ይህን ያየ አበሻ ሁሉ ጽሑፍ ሳያነብ በዓሉን ያውቃል፣ ሽማግሌዎቹም «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እያሉ ወሬ ይጀምራሉ፤ ወሬ የጀመረ ሰው ደግሞ ቶሎ አይሄድም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ከመሶብ የተሠራው ዛፍ መካከለኛው መሶብ ሲሸጥ ይፈርሳል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ መጠን ምትክ የሚሆን ከጠረጴዛው ሥር ማኖር፣ ወይም ለዛፉ የሚሆኑትን ለይቶ እስከ መጨረሻው ቀን አለመሸጥ ያስፈልጋል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ገዢን «ይሄ ለማሳያ ነው» ብሎ መመለስ ከላይ የተነሣውን ችግር በሌላ መንገድ መድገም ነውና።

ነጩ ሸማ ነጭ አይመስልም

ገዢው ነጠላውን ይዞ ወደ ደጅ፣ ወደ ፀሐይ ከወጣ መብራቱን አላመነውም ማለት ነው። በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘውና በካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚል ጽሑፍ ያለበት የኤልኢዲ አምፑል ነጩን ጥጥ ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል፤ 2700 የሚለው ደግሞ አዲሱን ሸማ ያረጀና የተጨሰ ያስመስለዋል። ለሽመና ሥራ ከ3000 እስከ 4000 ያለው ይስማማል፤ በካርቶኑ ላይ የቀለም መግለጫ መጠኑ (CRI ወይም Ra የሚለው) 90 ወይም ከዚያ በላይ እንደሆነ የተጻፈበት ከተገኘ ደግሞ የጥለቱ ቀለም ሳይዛባ ይታያል።

የከፋው ጥፋት የሚደርሰው ባለ ቀለም የገና መብራት በዕቃው ላይ ሲበራ ነው። አረንጓዴ ጥለት በቀይ ብርሃን ሥር ጥቁር ይመስላል፤ ገዢዋ ጥቁር ነው ብላ የተወችው ቀሚስ ስትፈልገው የነበረው አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ባለ ቀለሙ መብራት በቡዙ የውጭ ጠርዝ ላይ ይሁን፤ በዕቃው ላይ ነጭ ብርሃን ብቻ ይውደቅ። አምፑሉም ከገዢው ፊት ለፊት፣ ከላይ አዘንብሎ ይሰቀል፤ ከገዢው ጀርባ ከተሰቀለ የራሱ ጥላ በሚያየው ዕቃ ላይ ያርፋል።

በቀን ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል። በታኅሣሥ ፀሐይ በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ስለምትውል፣ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ቡዝ ሰፊውን የቀን ክፍል ፀሐይ ይመታዋል፤ ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗም የፀሐዩ ኃይል ቀላል አይደለም። በተከታታይ ቀናት ታጥፎ በአንድ ቦታ የዋለ ባለ ቀለም ሻሽ ሲዘረጋ በእጥፋቱ ላይ የደበዘዘ መስመር ይወጣበታል። ቦታ ለመምረጥ ዕድል ካለ ፊቱ ወደ ሰሜን የዞረውን መያዝ፣ ዕድሉ ከሌለ ከጣሪያው ጠርዝ ላይ ግማሽ ሜትር የሚወርድ አቡጀዲ መስፋትና የታጠፉትን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ይገባል።

መብራቱ ጫፉ ላይ ይደክማል፣ ወይም ቡዙ በሙሉ ይጨልማል

አምስት ሜትር የሚረዝመው ባለ 12 ቮልት የመብራት ጥቅልል መጀመሪያው ደምቆ ጫፉ ከደከመ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ኃይሉ በቀጭኑ መስመር ሲጓዝ እየቀነሰ መሄዱ ነው። ከሁለቱም ጫፍ ኃይል እንዲያገኝ ማድረግ፣ ወይም የመቀስ ምልክት ባለበት ቦታ ብቻ ቆርጦ ሁለት አጫጭር መስመሮች ማድረግ ያስተካክለዋል።

ቡዙ በሙሉ ሲጨልም ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ መብራቱ ሳይሆን የቡና ምድጃው ነው። በ220 ቮልት ላይ ያለ ባለ 10 አምፒር መስመር 2,200 ዋት ይሸከማል፤ እያንዳንዳቸው 9 ዋት የሆኑ አሥር አምፑሎች ሲደመሩ 90 ዋት ብቻ ሲፈልጉ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ግን ብቻውን ከ1,500 ዋት በላይ ሊወስድ ይችላል። ጎረቤት ቡዝም በዚያው መስመር ላይ ምድጃ ከሰካ የሚሆነው ግልጽ ነው። ምድጃውን ትቶ ቡናውን በፔርሙዝ ይዞ መምጣት ይቀላል። ተጠቅልሎ የተቀመጠ ኤክስቴንሽንም ስለሚሞቅ ተዘርግቶ ይዋል። ከተማው መብራት ቢጠፋ ደግሞ በባትሪ የሚሠሩ ሁለት ፋኖሶች ከቡዙ ፊት ይቀመጡ፤ ሌላው ሁሉ በጨለመበት ሰዓት የበራ ቡዝ ሰው ይሰበስባል።

ጌጡ ዕቃውን ያበላሻል

በረዶ እንዲመስል ተብሎ የሚበተነው ጥጥ በጥቁር ካባና በሱፍ ላይ ተጣብቆ አይለቅም። የሚያብረቀርቀው ዱቄት ከዚያም ይብሳል፤ በነጠላ ጥለት ውስጥ ከገባ በፕላስተር እየነኩ ከማንሣት በቀር ሌላ ዘዴ የለውም። ለምለም የጥድ ቅርንጫፍ ሽታው ደስ ቢልም ሙጫው በነጭ ጨርቅ ላይ ቡናማ ነጥብ ይተዋል፤ ስለዚህ ከሸክላና ከእንጨት ሥራ አጠገብ እንጂ ከልብስ በላይ አይሰቀል። በረዶውንስ ምን ይተካው? አዲስ አበባ ላይ በገና በረዶ አይጥልም፤ ባዘቶና እንዝርት በአንድ ሰፌድ ላይ ማስቀመጥ ነጭነቱን ይሰጣል፣ ሸማው ከምን እንደተሠራም ይናገራል። ባዘቶው ከዕጣን ማጨሻና ከጧፍ ይራቅ፤ በቅጽበት ይያያዛል።

ቄጠማ የበዓሉ ሽታ ስለሆነ ቢተውት ይከብዳል። ርጥብ ሆኖ ከተጎዘጎዘ ግን የጋቢውን ጫፍ አረንጓዴ ያደርገዋል፣ እስከ ቀትር ድረስም በደረቁ አየር ይጠወልጋል። ጠዋት አራግፎ ውኃውን ማንጠፍጠፍ፣ የተሰቀሉትን ልብሶች ከመሬት ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ማድረግና ለከሰዓት የሚሆን ግማሹን በርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ማቆየት ያዋጣል።

ድንኳኑ ይነሣል

የታኅሣሥ ነፋስ በአብዛኛው ከቀትር በኋላ ይበረታል፤ በጣሪያው ላይ የተንጠለጠለ ጌጥና ከኋላ የተወጠረ ጨርቅ ድንኳኑን እንደ ሸራ ያደርጉታል። አስፋልት ላይ ካስማ መምታት ስለማይቻል በአራቱም እግሮች ላይ ውኃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ይታሰር፤ እያንዳንዱ 20 ኪሎ ይመዝናል። የኋላው ጨርቅ ከታች ነፋስ የሚያሳልፍበት ክፍተት ይተውለት፤ ጄሪካኑም በጋቢ ቁራጭ ከተሸፈነ ዓይን አያስቀይምም።

ጌጡ ከበዓሉ ጋር አይገጥምም

በእነዚህ ባዛሮች ሁለት ገናዎች ይገናኛሉ። የውጭ አገር ሰዎች ለታኅሣሥ 16ቱ፣ ማለትም ለዲሴምበር 25፣ ቀድመው ገዝተው ብዙዎቹ ለዕረፍት ይሄዳሉ፤ የአገሩ ሰው ደግሞ ለቤተሰብ የሚሆነውን የሚገዛው በመጨረሻው ሳምንት ነው። ባለ ቀይ ቆብ አዛውንቱ ከታኅሣሥ 16 በኋላም ተሰቅሎ ከቀረ ቡዙ ያለፈበት ይመስላል። ስለዚህ መሠረቱ በሁለቱም ወቅት የሚያገለግል ሆኖ፣ የሚለወጠው የላይኛው ጌጥ ብቻ ይሁን።

ጽሑፍ የሚያሳትም ሰው «ታኅሣሥ 29» ብሎ ቀን ከመጥቀስ ይልቅ «መልካም ገና» ቢል ይሻላል። በ2016 ዓ.ም. እንደታየው በዘመነ ዮሐንስ በዓሉ ታኅሣሥ 28 ስለሚውል፣ ቀን የተጻፈበት ጨርቅ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ስህተት ይሆናል። ለእንግዳ የሚቀርበው የወተት ቸኮሌት ሳይነካ ከዋለም ሰዎቹ ኩሩ ስለሆኑ አይደለም፤ የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ ስለተያዘ ነው። በሙዳይ የቀረበ ቆሎ ግን የጾመውም ያልጾመውም ይዘግንለታል፣ ሙዳዩንም በእጁ ያየዋል።

ሰው ያያል፣ አይነካም

ሁሉም ነገር እንደ ሙዚየም ከተደረደረ ጎብኚው እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል። ከእያንዳንዱ ዓይነት አንዱን ዘርግቶ ወይም ከፍቶ፣ በጠረጴዛው የፊት ጠርዝ ላይ እንዳጋጣሚ የተቀመጠ አስመስሎ መተው ይህን ይፈታል። ዋጋው ያልተጻፈበት ዕቃም እንዲሁ ያርቃል፤ መጠየቅ መግዛት ግድ የሚያደርግ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ዋጋው በትንሽ ካርድ ላይ በጉልህ ይጻፍ፤ ካርዱም ከጥለቱ ላይ ሳይሆን ከጠርዙ በክር ይታሰር፤ መርፌ ቁልፍ በቀጭን ነጠላ ላይ ቀዳዳ ይተዋል።