አንድ 32 ሳይሆን ሁለት 16

ለጌም ኮምፒውተር 32 ጊጋባይት ራም (ጊዜያዊ ሜሞሪ) ካሰባችሁ፣ አንድ ባለ 32 ከመግዛት አብረው የሚሸጡ ሁለት ባለ 16 ውሰዱ። ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር ስለሚያነብ ዳታው የሚያልፍበት መንገድ እጥፍ ይሰፋል። ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) አራት የራም ማስገቢያ ካለው፣ ከፕሮሰሰሩ በኩል ቆጥራችሁ 2ኛውና 4ኛው ላይ ሰኩ (አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው፤ ማኑዋሉን ግን እዩ)። 1ኛውና 2ኛው ወይም 3ኛውና 4ኛው ላይ ጎን ለጎን ከሰካችኋቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አንድ መስመር ላይ ይጨናነቃሉ፤ ልፋቱ ገደል ገባ።

ደግሞ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት ማስተካከያ) ገብታችሁ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚለውን፣ ማለትም ራሙን በተገዛበት ፍጥነት የሚያሠራውን፣ አብሩ። ካለዚያ ፍጥነቱ 6000 ተብሎ የተገዛው ዲዲአር5 ራም ብዙ ጊዜ በ4800 ሲያዘግም ታገኙታላችሁ። ታስክ ማናጀር ላይ ሜሞሪ የሚለውን ከፍታችሁ ፍጥነቱን አረጋግጡ። ኤክስኤምፒውን ወይም ኤክስፖውን ካበራችሁት በኋላ ጌሙ ድንገት እየተዘጋ ካስቸገረ መልሳችሁ አጥፉት።