ሕጉ ለከበደው የሚና ጨዋታ ተጫዋች የሚደረግ እገዛ

የሚና ጨዋታ ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው፣ በጨዋታው መሪ አቀናባሪነት ታሪክ በጋራ የሚፈጥሩበት ጨዋታ ነው። ከእነዚህ መካከል እጅግ የታወቀው በ1974 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ሲሆን፣ በ2014 የወጣው አምስተኛ እትም የተጫዋቾች መመሪያው ብቻ ከ300 ገጽ ያልፋል። ታሪኩን ወዶ የመጣ ሰው ይህን ሁሉ ሕግ ሲያይ ቢታክተው አያስደንቅም። እንዲህ ያለውን ሰው «መጽሐፉን አንብበህ ና» ብሎ መሸኘት ግን መፍትሔ አይሆንም። ሕጉን አብጠርጥሮ የሚያውቅ አንድ ሰው ለጠረጴዛው ሁሉ ስለሚበቃ፣ ሸክሙን በቅድሚያ ማንሳት ያለበት የጨዋታው መሪ ነው፤ ይህም ጽሑፍ በዋናነት ለእርሱ የቀረበ ነው።

ከሁሉ በፊት ተጫዋቹን ያማረረው ነገር ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። አንዱን ሒሳቡ ያስቸግረዋል፤ ሌላው ሒሳብ ባይፈራም ከብዙ አማራጮች አንዱን መምረጥ ያስጨንቀዋል፤ ሌላውን ደግሞ ተራው እስኪደርስ የሰዎችን የሕግ ክርክር መስማት ያሰለቸዋል። ጥያቄው በሌሎች ፊት ሳይሆን ለብቻ ይቅረብ። «ባለፈው ጨዋታ የሰለቸህ የቱ ጋ ነው?» ብሎ መጠየቅ «ሕጉ ከበደህ ወይ?» ከማለት ይሻላል፤ ለሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ሰው በይሉኝታ «ኧረ ምንም አልከበደኝም» ብሎ ያልፋልና።

ችግሩ የአማራጭ ብዛት ከሆነ መፍትሔው ከገጸ ባሕርይ ምርጫ ይጀምራል። በ2014ቱ እትም በአንደኛ ደረጃ ላይ ያለ አስማተኛ ገና ጨዋታው ሳይጀመር ሦስት ቀላል አስማቶችንና በገጸ ባሕርይው የአስማት መጽሐፍ የሚሰፍሩ ስድስት አስማቶችን መምረጥ አለበት፤ ከዚያ በኋላም በየዕለቱ የትኞቹን እንደሚያዘጋጅ ይወስናል፣ ስንት ጊዜ እንደተጠቀመም ይቆጥራል። ተዋጊው ግን ሰይፉን ይዞ ይገባል። ሦስተኛ ደረጃ ሲደርስ ሻምፒዮን የሚባለውን ዘርፍ ቢመርጥ የሚጨመርለት፣ ለመምታት በሚጣለው ባለ 20 ገጽ ዳይስ (ዕድል የሚወስን ባለ ቁጥር መጫወቻ) 20 ብቻ ሳይሆን 19 ሲወጣም እንደ ከባድ ምት፣ ማለትም ከተለመደው የበለጠ እንደሚጎዳ ምት፣ የሚቆጠርለት መሆኑ ነው፤ ይህም በቀላሉ የሚታወስ ነው። ሆኖም ሰውየው አስማተኛ ሊሆን ጓጉቶ ከመጣ ተዋጊ እንዲሆን መገፋት የለበትም፤ ይልቁንም መሪው አስማቶቹን አብሮት ይምረጥ፣ የሚጠቀምባቸውንም ለጊዜው ወደ ሁለትና ሦስት ያውርድለት።

በጨዋታው ጊዜ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው የአነጋገር ቅደም ተከተል ነው። ተጫዋቹ በመጀመሪያ ገጸ ባሕርይው ምን ሊያደርግ እንደሚፈልግ በተለመደው አነጋገር ይናገር፤ መሪው ያንን ወደ ሕግ ይመልሰው፤ ዳይስ የሚጣለው ከዚያ በኋላ ነው። ተጫዋቹ ጎብሊን ከተባለ ትንሽ ጭራቅ ጋር ሲዋጋ «ዘልዬ ጎብሊኑን በሰይፍ እመታዋለሁ» ሲል መሪው «ባለ 20 ገጹን ዳይስ ጣልና 5 ጨምርበት» ይለዋል። ይህ 5 የተገኘው የጉልበት ነጥቡ 16 በመሆኑ ከሚያገኘው 3 እና በመሣሪያው በመሠልጠኑ ከሚያገኘው 2 ሲሆን፣ ድምሩ አስቀድሞ የገጸ ባሕርይው መረጃ በሚያዝበት ቅጽ ላይ ከተጻፈ በየተራው ማስላት አያስፈልግም። የጎብሊኑ መከላከያ፣ ማለትም እርሱን ለመምታት ድምሩ ሊደርስበት የሚገባው ቁጥር፣ 15 ስለሆነ፣ ሒሳብ ለሚያስቸግረው ተጫዋች «10 እና ከዚያ በላይ ካወጣህ መታኸው» ማለት ይበቃል። አንዳንድ መሪዎች ጉጉቱ እንዳይቀንስ ይህን ቁጥር ይደብቃሉ፤ በእኔ እምነት ግን ለዚህ ተጫዋች ግልጽነቱ ከጉጉቱ ይበልጣል።

በር መስበርም ሆነ ዘበኛ ማግባባት የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ለቀላል ሥራ 10፣ ለመካከለኛ 15፣ ለከባድ 20 ማምጣት ይጠየቃል። ተጫዋቹ ይህን አንድ አሠራር ከያዘ የቀረው በየጊዜው ይጨመራል። እያንዳንዱ ሕግ መነገር ያለበት ባስፈለገበት ሰዓት ነው። ለምሳሌ ተጫዋቹ ከጠላቱ አጠገብ ተነሥቶ ሊሄድ ሲል፣ «እንዲሁ ከሄድክ ከኋላህ አንድ ጊዜ ሊመታህ ይችላል፤ ትሄዳለህ?» ብሎ አስቀድሞ ማስጠንቀቅና ሐሳቡን እንዲቀይር መፍቀድ ተገቢ ነው። ያላወቀውን ሕግ ከተጎዳ በኋላ መስማት ሰውን ከጨዋታ የሚያስቀር ነገር ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን ግማሽ ገጽ የምትሆን ወረቀት ማዘጋጀት ይጠቅማል። በእርሷ ላይ በአንድ ተራ የሚደረገው ይጻፍ፦ መንቀሳቀስ፣ አንድ ተግባር መፈጸምና፣ ካለው፣ አንድ ተጨማሪ ተግባር። ከሥሩም ተጫዋቹ አዘውትሮ የሚጠቀምባቸው ሦስት ወይም አራት ነገሮች ከነቁጥራቸው ይስፈሩ። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ሆኖ ጨዋታው በአማርኛ የሚካሄድ ከሆነ ወረቀቷ በአማርኛ መጻፏ ድካሙን በእጅጉ ታቀልለታለች።

ሕጉ ግልጽ ባልሆነበት ቦታ መጽሐፍ ማገላበጥ የጨዋታውን ሙቀት ይገድላል። ሁኔታው ለተጫዋቹ የሚያመች ከመሰለ መሪው ዳይሱን ሁለት ጊዜ አስጥሎ ትልቁን ይውሰድለት፤ ከላይ ባየነው የጎብሊን ምሳሌ ይህ የመምታት ዕድሉን ከ55 በመቶ ወደ 80 በመቶ ገደማ ያሳድገዋል። ትክክለኛው ሕግ ከጨዋታው በኋላ ሊፈለግ ይችላል።

የቆዩ ተጫዋቾችንም መግራት ያሻል። በቅንነት «እንዲህ ብታደርግ ይሻልሃል» እያሉ ተራውን የሚወስኑለት ከሆነ ሰውየው የራሱን ገጸ ባሕርይ የሚመለከት ታዛቢ ሆኖ ይቀራል። ምክር የሚሰጠው ሲጠይቅ ብቻ እንዲሆን መሪው አስቀድሞ ከሁሉም ጋር ይስማማ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሰውየው አሁንም ከተማረረ ጨዋታውን ራሱን መለወጥ ይቻላል። ደንጀን ወርልድ በተባለው፣ ሕጉ ቀለል ባለ ሌላ የሚና ጨዋታ፣ ሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይሶች ተጥለው ተገቢው ነጥብ ይደመራል፤ 10 እና ከዚያ በላይ ሙሉ ስኬት፣ ከ7 እስከ 9 ዋጋ የሚያስከፍል ስኬት ነው፤ 6 እና ከዚያ በታች ሲሆን መሪው አዲስ ችግር ያመጣል። ቡድኑ የለመደውን ለዘለቄታው እንዲተው ሳይጠየቅ፣ በአንድ ቀን የሚያልቅ አጭር ታሪክ በዚህ ጨዋታ ይሞከርና የሚቀጥለውን ሁሉም ተነጋግረው ይምረጡ።