የቅመምን ስም ወደ ምንጩ መከተል፦ ቀረፋ እና «ዳርቺን»

የአንድ ቅመም ስም ከየት እንደ መጣ ለመመርመር የሚሻ ሰው ቃሉን በመሰንጠቅ ቢጀምር ይበጀዋል። እኛ ቀረፋ የምንለውን ፋርሶች «ዳርቺን» ይሉታል፤ «ዳር» ዛፍ ወይም እንጨት፣ «ቺን» ደግሞ ቻይና ስለሆነ፣ ስሙ ሲፈታ «የቻይና እንጨት» ይሆናል። ይሁን እንጂ ስም የትውልድ ማስረጃ አይደለም፤ የስሪላንካው ቀረፋ ከቻይናው የተለየ ዝርያ ሆኖ ሳለ በዚሁ ስም ይጠራል።

ቀጥሎ የየአገሩን መጠሪያ ጎን ለጎን ጽፎ ድምፆቹን ማነጻጸር ያስፈልጋል። ዐረብኛ «ች» ስለሌለው በወፍራም «ስ» ተክቶ «ዳር ሲኒ» አለው፤ በ11ኛው መቶ ዘመን ኢብን ሲና በጻፈው የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ የሚገኘውም ይኸው ነው። ቱርክኛ «ዳ»ን ወደ «ታ» ለውጦ «ታርቺን»፣ አርመንኛ ሳይነካው «ዳርቺን»፣ ጆርጅኛ አናባቢ ጨምሮበት «ዳሪቺኒ» ይላሉ።

ሂንዲ ላይ ሲደርሱ ግን መጠንቀቅ ይገባል። በዚያ ቅመሙ «ዳልቺኒ» ይባላል፤ «ዳል» ምስርና መሰል ጥራጥሬ፣ «ቺኒ» ደግሞ ስኳር ስለሆኑ፣ ቃሉን በጆሮው ብቻ የሚፈታ ሰው «የምስር ስኳር» የሚል አስቂኝ ትርጉም ይዞ ይመለሳል። ከዚህ ስሕተት የሚያድነው የጎረቤት ቋንቋ ነው፤ ኡርዱ «ዳርቺኒ» ብሎ የጥንቱን «ር» ስለጠበቀ፣ «ል» በኋላ የመጣ ለውጥ መሆኑ ይገለጣል። የቤንጋሊው «ዳሩቺኒ» ደግሞ እንጨት የሚል ፍቺ ያለውን የሳንስክሪት «ዳሩ» ያስታውሳል፤ «ዳሩ» እና የፋርሱ «ዳር» ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸውና።

ከዚያም ቃሉን ማን እንደ ተሸከመው መጠየቅ ይከተላል። ነጋዴ ብቻውን ይህን ሁሉ አያደርስም፤ የዴልሂ ሱልጣኖች፣ ከ1526 እ.ኤ.አ. ወዲህም የሙጋል ነገሥታት፣ ፋርስኛን የቤተ መንግሥት ቋንቋ አድርገው መያዛቸው ለብዙ የፋርስ ቃላት በሕንድ በር ከፍቷል።

በመጨረሻ ቃሉ ያልደረሰበትን ስፍራ መመልከት ተገቢ ነው። አማርኛ ይህን ስም አልተቀበለም፤ የእኛ «ቀረፋ» ከዐረብኛው «ቂርፋ» ጋር የሚገጥም ሲሆን፣ ሥሩ መላጥን የሚያመለክት ነው፤ «ቅርፊት» የሚለው ቃላችንም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ዐረቦች ራሳቸው እስከ ዛሬ በሁለቱ ስሞች ተከፍለዋል፤ የግብፅ ሰው «ቂርፋ» ወይም «ኢርፋ» ሲል፣ በኢራቅና በባሕረ ሰላጤው አገሮች «ዳርሲን» ይባላል። ስለዚህ በዚያ የሚኖር ወገናችን ለሻዩ ቀረፋ ሊገዛ ሲወጣ ሊጠይቅ የሚገባው በፋርሱ ስም ነው።