አልጋና ፍሪጅ በተገጠመለት ሚኒባስ አገር ለሚዞሩ ጡረተኛ ባልና ሚስት፦ ከሱሉልታ እስከ ቢሾፍቱ የሚታዩ ብልሽቶችና መፍትሄያቸው

ዶልፊን ወይም አባዱላ ወንበሩ ወጥቶ አልጋ፣ ፍሪጅ፣ የውሃ ታንከርና ምድጃ ሲገባበት ጠባዩ ይለወጣል። ሰው ሲያመላልስ ተደብቆ የኖረ ጉድለት ቤት ሲሸከም ይወጣል። ጎንደር ወይም አርባ ምንጭ ከመታሰቡ በፊት አዲስ አበባ ዙሪያ ፈትኑት። በሱሉልታ ዳገት ውጡ፣ እዚያው እደሩ፣ በማግስቱ ቁልቁለቱን ወደ ጉለሌ ውረዱ፣ ከዚያ በቱሉ ዲምቱ አድርጋችሁ ቢሾፍቱ ድረሱ። የሚበላሽ ነገር ካለ ጋራዥና መለዋወጫ ቅርብ በሆነበት ቦታ ይበላሽ።

ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል

አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር አየር ሲያንሰው ናፍጣውን አቃጥሎ አይጨርስም፣ የተረፈው በማርሚታ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ እንጦጦን ሲወጡ ትንሽ ጭስ ጤነኛ ሞተር ላይም ይታያል። ጭሱ ከወፈረ ግን የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ በአንድ ወገኑ የእጅ ባትሪ አብሩበት። ብርሃን ካላሳለፈ ይቀየር። በኮምፕሬሰር የሚነፋ ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ ከውጭ ከተነፋ አቧራው ወረቀቱ ውስጥ ይቀበራል። ፊልትሮው ንጹህ ሆኖም ጭሱ ካልቀነሰ ነገሩ ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚገፉትና የሚረጩት የፖምፓና የኖዝል ባለሙያ ነው።

የሙቀት መለኪያው ይወጣል

ውሃ አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ግፊቱ ይጠፋል፣ ውሃውም ይገነፍላል። ብዙ ሰው ሙሉ ራዲያተር ለመቀየር ይሮጣል፤ እኛ ከክዳኑ ጀምሩ እንላለን። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር አይታችሁ ያንኑ ግዙ። ሞተሩ ሳይበርድ በፍጹም አትክፈቱት።

ጠዋት ሁለታችሁንም ራስ ምታት ይዟችሁ ትነቃላችሁ

ይህን ምልክት ከሁሉም በላይ እንፈራዋለን። ኅዳርና ታኅሣሥ ሱሉልታ ላይ ውርጭ ይወርዳል፤ ብርዱ ሲብስ ቡና የተፈላበት ከሰል ለሙቀት ተብሎ ወደ ውስጥ ይገባል። የፋመና አመድ የለበሰ ከሰል ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ሁለቱንም ባንዴ ይዞ፣ ውጭ ሲወጡ ቀለል ካለ ደም ግፊት ነው ወይም ከፍታ ነው ብላችሁ አትለፉት። የአዲስ አበባን ከፍታ የለመደ ሰው ሱሉልታ ስላደረ ብቻ እንዲህ አይሆንም።

ወዲያው ውጡ፣ በሮቹን ሁሉ ክፈቱ። ራሱን የሳተ ወይም ግራ የገባው ሰው ቢነቃም ቢሻለውም ሐኪም ቤት ይሂድ። ከዚያ በኋላ ከሰል መኪና ውስጥ አይግባ፤ መስኮት መክፈት ብቻውን አያድንም። ለብርዱ ጋቢ ደርቡ፣ ሙቅ ውሃ በላስቲክ ሞልታችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉ። ቡናው ውጭ ይፈላ።

ጣሪያው ያንጠባጥባል

ዝናብ ሳይኖር ጠዋት ላይ ብቻ ከሆነ ቀዳዳ የለም። የሁለት ሰው ትንፋሽ ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ላይ ውሃ ሆኖ ነው። ሁለት መስኮት በሁለት ጣት ያህል ፊት ለፊት ከፍታችሁ ተኙ።

ባትሪው ሙሉ ነው፣ ፍሪጁ ግን ይጠፋል

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሽቦው ነው። ቴስተር ይዛችሁ ፍሪጁ እየሠራ ሁለት ቦታ ለኩ፤ ባትሪው ራስ ላይና ፍሪጁ መሰኪያ ላይ። ልዩነቱ ከ0.3 ቮልት ከበለጠ ሽቦው ቀጥኗል ወይም ማያያዣው ላልቷል። ለቤት መብራት የሚዘረጋው 1.5 ካሬ ሽቦ 5 ሜትር ሄዶ ሲመለስ፣ 5 አምፔር ለሚስብ ፍሪጅ 0.6 ቮልት ያህል ይበላል። ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ ደግሞ የሚስበው ከዚያ ይበልጣል፤ ፍሪጁም ባትሪ አልቋል ብሎ ራሱን ያጠፋል። በ6 ካሬ ቢቀየር ብክነቱ ወደ 0.15 ይወርዳል። ቫልቮላው (ፊውዙ) ባትሪው አጠገብ ይሁን።

ባትሪው ራሱ ከተጠረጠረ ለጥቂት ሰዓታት አሳርፋችሁ ለኩ። 12.7 ሙሉ፣ 12.2 ግማሽ፣ 11.8 ባዶ ሊባል የደረሰ ነው። ከግማሽ በታች ደጋግሞ የወረደ የአሲድ ባትሪ ዕድሜው ያጥራል፤ ስለዚህ 100 አምፔር ሰዓት ተብሎ ከተጻፈበት ላይ 50ውን ብቻ እንዳላችሁ ቁጠሩ። ሞተር ተነስቶ 13.8 እስከ 14.4 ካላሳየ የዲናሞውን ቺንጋ ተመልከቱ።

ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካለ ፍሪጁ ለሥጋ ብቻ አይደለም። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ ከቀዘቀዘው ግድግዳ ጋር ተነካክቶ በረዶ ከሠራ ይጣል። ርካሽ ቴርሞሜትር አብራችሁ አስቀምጡ።

ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ይለሰልሳል፣ የተቃጠለ ሸራ ይሸታል

ከሱሉልታ ወደ ጉለሌ የሚወርደው መንገድ አጭር ፈተና ነው። ዋናው ከጎሃ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርደው በረሃ ነው። እዚህ ፔዳሉ ከለሰለሰ ወደዚያ አትሂዱ።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ፍሬን ላይ እግር ጥሎ መውረድ ነው፤ ሸራው ግሎ መያዝ ያቆማል። ሁለተኛው የፍሬን ዘይት ነው። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው ቢያንስ 205 ዲግሪ ላይ ሲሆን እርጥበት ከጠጣ በኋላ 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። የፈላ ዘይት አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ይጨመቃል፣ ፔዳሉም ወለል ይነካል። በየሁለት ዓመቱ ሙሉውን አስቀይሩ፤ መጨመር መቀየር አይደለም።

ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ። ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙና ልቀቁ፣ ዝም ብላችሁ አትርገጡት። መንገድ ላይ ከከዳችሁ ማርሹን አንድ በአንድ አውርዱ፣ ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ሳቡ፣ ወደ ተራራው ጎን ተጠጉ። ስትቆሙ የጋለው ቸርኬ ላይ ውሃ አትድፉ፤ ብረቱ ይሰነጠቃል። በማርሽ አስራችሁ ጎማው ፊት ድንጋይ አድርጉ፤ ስትነሱ ድንጋዩን ከአስፋልቱ አንሱ፣ ከኋላ የሚመጣ ሰው አለ።

መሪው ይቀላል፣ ኋላው ይተኛል

100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው። ታንከሩ ከኋላ ጎማ አልፎ ከተቀመጠ የፊቱን ጎማ ያነሳል፣ መሪውም ይቀላል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል፣ ዝቅ ብሎ ይሠራ። ሙሉ ዕቃና ሙሉ ውሃ ይዛችሁ የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ፊቱንና ኋላውን ለየብቻ አስመዝኑ፤ የፋብሪካው ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው ክብደት ከበለጠ ዕቃ ይቀነስ። ባሌስትራ ማስጨመር ፍሬኑንም ጎማውንም አያጠነክርም።

ጎማ

ብዙ የቆመ መኪና ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ ፈልጉ፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ ረጅም መንገድ አይሄድም። ነፋስ ጠዋት ሳይነዳ ይለካል፤ ቀትር ላይ ሲግል ከፍ ይላል፣ ያን ጊዜ አታስተንፍሱ።

ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ ትርፍ ጎማውን አንድ ጊዜ ራሳችሁ አውርዱት። ከሥር የሚንጠለጠልበት ሰንሰለት ዝጎ ሊይዝ ይችላል። ጎሚስታ በአየር መፍቻ ያጠበቀውን ቡሎን በእጅ መፍታት ለጎልማሳም ይከብዳል፤ በመፍቻው እጀታ ላይ የሚገባ አንድ ሜትር ቱቦ ያዙ። ቸርኬ ከተፈታ በኋላ ቢሾፍቱ ስትደርሱ ቡሎኖቹን እንደገና አጥብቁ።