የእርግዝና ስኳርና ቫይታሚን ዲ፦ የላብራቶሪ ወረቀትሽን እንዴት ታነቢያለሽ?

ወረቀቱ ላይ «ቫይታሚን ዲ 48» ይላል እንበል። ደስ ከማለትሽ በፊት ከቁጥሩ ጎን ያለችውን መለኪያ ተመልከቺ። «ናኖግራም በሚሊሊትር» ከሆነ በቂ ነው። «ናኖሞል በሊትር» ከሆነ ግን ወደ ናኖግራም ለመቀየር ለ2.5 አካፍይው፤ 19 ገደማ ይመጣል። ከ20 በታች ሲሆን ብዙ ሐኪሞች አነሰ ይላሉ። አውሮፓ ያላችሁ፣ እንደ አገሩ በናኖሞል ሊደርሳችሁ ይችላል።

ቀጥሎ የስኳሩን ውጤት አውጪ። ምርመራው የሚደረገው ብዙ ጊዜ ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በባዶ ሆድ ደም ትሰጫለሽ፣ 75 ግራም ግሉኮስ የተበጠበጠበት ውሃ ትጠጫለሽ (ያቅለሸልሻል፣ ልብ አድርጊ)፣ ከዚያ ደም ሁለት ጊዜ ይወሰድብሻል። በዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ወሰኖቹ በባዶ ሆድ 92፣ ከጠጣሽ ከአንድ ሰዓት በኋላ 180፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 153 ሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው። አንዱ ብቻ እንኳ እዚያ ከደረሰ የእርግዝና ስኳር ይባላል።

ሁለቱ ወረቀቶች ምን ያገናኛቸዋል? የእንግዴ ልጁ ሆርሞኖች ሰውነትሽ ለኢንሱሊን (የደም ስኳርን ለሚያወርደው ሆርሞን) እንዳይታዘዝ ያደርጉታል፤ ስኳሩ ለፅንሱ እንዲተርፍ ነው። ቆሽትሽ ብዙ ኢንሱሊን አመንጭቶ ማካካስ አለበት። ካቃተው የደምሽ ስኳር ከፍ ይላል። ቫይታሚን ዲ ደግሞ በዚህ የቆሽት ሥራ ውስጥ እጁ አለበት። ዲ ያነሰባቸው እናቶች ላይ የእርግዝና ስኳር በዛ ብሎ ይታያል። ዲ መዋጥ ስኳሩን ያወርዳል ወይ? እዚህ ላይ ጥናቶቹ አልተስማሙም። ስለዚህ «ዲ ጀምሬያለሁ» ብለሽ የስኳር መለኪያሽን መሳቢያ ውስጥ እንዳትከቺ።

ዲው ካነሰ መጠኑን ሐኪም ይወስን። ለነፍሰ ጡር በቀን የሚመከረው 600 ዩኒት አካባቢ ነው፤ ያለ ትእዛዝ ከ4000 አትለፊ። የምትወስጂው የእርግዝና መልቲቫይታሚን ውስጥም ሊኖር ስለሚችል ጀርባውን አንብቢ። ፀሐይ ስትሞቂ ከቤት ወጥተሽ ይሁን፤ በመስኮት መስታወት የሚገባው ዲ አይሰጥም።

ለስኳሩ እንጀራውን ቀንሺ፣ ጎመኑን አብዢ፣ ከምግብ በኋላ ትንሽ ተራመጂ። ሐኪምሽ ሌላ ካላለሽ በባዶ ሆድ ከ95፣ ከበላሽ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከ120 በታች ይሁን።

ከወለድሽ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ድጋሚ ተመርመሪ። በገንፎውና በጠያቂው መሃል የሚረሳው ይሄኛው ቀጠሮ ነውና ዛሬውኑ ስልክሽ ላይ መዝግቢው።